ቀባሪ አያሳጣህ፦ ስለ ሙጃና ስለ ደጋው የቅሬ ሥርዓት

በግእዝ ቋንቋ ከተማ የሚለው ቃል ጫፍን፣ ዳርቻንና የከፍታን ራስ ሲያመለክት ኖሮ፣ በነገሥታቱ ዘመን ደግሞ ንጉሡ ወይም መስፍኑ ከነሠራዊቱ ድንኳን ተክሎ ለሚሰፍርበት የጦር ሰፈር መጠሪያ ሆነ፤ ሰው ተሰብስቦ የሚነግድበት፣ የሚማርበት፣ የሚዳኝበትና የሚታከምበት ስፍራ ማለት የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። በሰሜን ወሎ የግዳን ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ሙጃ በመጀመሪያውም በመጨረሻውም ትርጉም ከተማ ናት፤ በደጋው ላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች፣ የወረዳውም ሕዝብ ለገበያ፣ ለትምህርት፣ ለሕክምናና ለዳኝነት ወደ እርስዋ ይመጣል። መካከለኛው ትርጉም ግን ለዚህ አገር ገበሬ የፍርሃት ቃል ነበር። የንጉሥ ወይም የመስፍን ከተማ ባገሩ ባረፈ ጊዜ፣ ሠራዊቱ ቁርጥ ደመወዝ ስላልነበረው ስንቁን የሚያወጣው ከባላገሩ ጎተራ ነበርና፣ በተለይም በዘመነ መሳፍንት፣ ላስታና የጁ፣ ዋግና ትግሬ በየጊዜው በሚፋለሙበት ወራት፣ ባላገሩ እህሉን በጉድጓድ ቀብሮ፣ ከብቱን ወደ ገደሉ አሽሽቶ፣ ራሱ አምባ ላይ ሆኖ የገዛ ቤቱን ጭስ ከሩቅ ሲመለከት መዋሉ የተለመደ ነበር።

ስለዚህ የደጋው ሰው ለሞቱና ለሕመሙ፣ ለክርክሩና ለችግሩ የሚበጀውን ነገር ከላይ እስኪወርድለት ሲጠብቅ አልኖረም፤ ሥርዓቱን ራሱ አቆመ። ከቆሙትም ሥርዓቶች ሁሉ ሥሩን አጥልቆ የሰደደው፣ ብዙ መንግሥታት ሲያልፉም ያልተነቀለው፣ በወሎ ምድር ቅሬ የሚባለው የቀብርና የመረዳዳት ማኅበር ነው። የአንዲት ትንሽ ከተማ ታሪክ ሲጻፍ የሹማምንቱን ስም በተራ መደርደርና ሕንፃ የተመረቀበትን ቀን ማስፈር የተለመደ ቢሆንም፣ እኔ የሙጃንና የአካባቢዋን ታሪክ ከቅሬው መጀመር ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ በዚያ አገር ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ፍርድ ቤት ከመምጣታቸው በፊት ሰውን በሰውነቱ ያገለገለው እርሱ ነውና።

ግዳን በምሥራቅ ከራያ ቆቦ፣ በደቡብ ከጉባ ላፍቶ፣ በምዕራብ ከላስታ ወረዳ ጋር ይዋሰናል። በምሥራቅ በኩል መሬቱ ተቆርጦ ወደ ቆቦ ሜዳ ይወርዳል፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,200 ሜትር ወደሚበልጠው ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ይያያዛል። ይህ ተራራማ አገር ጓሳና ጅብራ የሚበቅልበት፣ ጭላዳ የሚሰማራበት፣ በዓለም ላይ ቁጥሩ እጅግ የተመናመነው ቀይ ቀበሮ አይጥ እያደነ የሚኖርበት ነው፤ ተከዜም የሚነሣው ከላስታ ተራሮች ነው። ሕዝቡ የሚኖረው በገብስና በባቄላ፣ በስንዴና በምስር፣ ከሁሉም በላይ በበጉ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የቤት ቆጠራ የግዳን ሕዝብ ከ150 ሺህ በላይ ሆኖ ሲገኝ፣ ከዚህ ውስጥ በከተማ የሚኖረው ከመቶ ሦስት እጅ እንኳ አልሞላም፤ ስለዚህ ሙጃ ስንል ከጥቂቱ የቆርቆሮ ቤት ይልቅ በዙሪያዋ ካለው ሸንተረር ወደ እርስዋ የሚወርደውንና ከእርስዋ የሚመለሰውን ሕዝብ ማሰብ ይኖርብናል።

ይህ አገር ለቅዱስ ላሊበላ መቅደሶች ጎረቤት መሆኑ ክብሩም መከለያውም ሆኗል። በ12ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠው የዛጔው ንጉሥ በስሙ ከሚጠሩት 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጋር በዓለም መጻሕፍት ገብቷል፤ በ16ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ሮሃ (የዛሬዋ ላሊበላ) የደረሰው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ያየውን ሁሉ ቢጽፍ የሚያምነው እንዳያጣ መስጋቱን ገልጧል። ከእርሱ በኋላ የመጣ ጸሐፊ ሁሉ ዓይኑን ያሳረፈው በዚያ ድንጋይ ላይ ነው። በገና ሰሞን ከራያ፣ ከዋግ፣ ከጋይንትና ከሌላም አገር ሌሊትና ቀን በእግሩ ተጉዞ ለታኅሣሥ 29 ላሊበላ የሚደርሰው ምእመን ግን በየመንገዱ የሚያድረው በደጋው ገበሬ ቤት ነው። ባለቤቲቱ ውሃ አሙቃ የእንግዳውን እግር ታጥባለች፣ በጭንቁር ድንጋይ የተሰነጠቀውን ተረከዙን በቅቤ ታሻለች፣ ቆሎና ጠላ ታቀርባለች፤ ጠዋት ሲነሣም ስሙን ሳትጠይቅ በሶ ትቋጥርለታለች። ይህን የሚያደርገው ሕዝብ ራሱ በምን እንደሚኖር፣ በምን እንደሚቀበር የጻፈ ጥቂት ነው።

ስለ ገበያው ጥቂት ልበል። ደጋና ቆላ በአንድ ቀን መንገድ በሚገናኙበት በዚህ አገር ገበያ ማለት የአየር ንብረት ልውውጥ ነው፤ የቆቦው ማሽላና ጤፍ ወደ ላይ ሲወጣ፣ የደጋው ገብስ፣ ባቄላ፣ በግና የበግ ጠጉር ወደ ታች ይወርዳል። አሞሌ ጨው በገንዘብነት በሚያገለግልበት ዘመን ከአፋር በረሃ የተነሣው ጨው ትግሬን አቋርጦ ሰቆጣ ገበያ ደርሶ፣ ከዚያ በነጋዴ አህያና በቅሎ ወደ ላስታ ይገባ ነበር። የበጉ ጠጉር ግን የደጋው የራሱ ሀብት ነው። ተሸልቶ፣ ታጥቦ፣ በደጋን ተነድፎ እንደ ደመና ሲከመር ሴቶቹ በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ሸማኔው ይሠራዋል፣ ባና ይሆናል፤ ውርጭ ጤዛውን በረዶ በሚያደርግበት ሌሊት ሽማግሌና ሕፃን በአንድ ባና ሥር ይተኛሉ፣ ሙሽራውም ለብሶት ይሞሸራል፣ የታመመውም ተጠቅልሎበት በሸክም ይሄዳል።

እነሆ ወደ ቅሬው ደረስኩ። የወሎ ቅሬ በሌላው አገር ዕድር የሚባለውን ይመስላል፤ ነገር ግን የከተማው ዕድር በወር መዋጮ፣ በድንኳንና በመዝገብ የሚቆም ሲሆን፣ የባላገሩ ቅሬ በዋነኛነት የሚቆመው በጉልበትና በመገኘት ነው። በአንድ ጎጥ ወይም በአንድ አጥቢያ የሚኖር አባወራ ሁሉ አባል ነው፤ ለመግባት የሚጠየቀው ገንዘብ ሳይሆን ጡሩምባ ሲነፋ ሥራውን ጥሎ መውጣት ነው። በክርስቲያኑና በእስላሙ መካከል ጋብቻና ጉርብትና በጸናበት በብዙው የወሎ አገርም ሁለቱ በአንድ ቅሬ ታቅፈው፣ እስላሙ ለክርስቲያኑ ጉድጓድ ሲቆፍር፣ ክርስቲያኑም የእስላሙን ጀናዛ ሲሸከም ኖረዋል፤ ጸሎቱን ለካህኑና ለሼሁ ትተው አፈሩን በኅብረት ይመልሳሉ።

ሰው ሌሊት ካረፈ ጎህ ሲቀድ ጡሩምባ ነፊው ጉብታ ላይ ወጥቶ ይነፋና የሟቹን ስም በታላቅ ድምፅ ያሰማል። ጥማድ የያዘው ይፈታል፣ ገበያ የተነሣው ከመንገድ ይመለሳል። ወጣቶቹ ዶማና አካፋ ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደው መካነ መቃብሩን ይቆፍራሉ፤ ሌሎቹ እንጨት ይፈልጣሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ፤ ገናዦቹ አስከሬኑን አጥበው በነጭ ልብስ ይገንዛሉ። ጸሎተ ፍትሐቱ ተደርሶ ግብዓተ መሬቱ ከተፈጸመ በኋላም ቅሬው አይበተንም። በሐዘንተኛው ቤት በሐዘኑ ቀናት ምጣድ አይጣድምና ሴቶቹ እንጀራውን፣ ወጡን፣ ጠላውን ከየቤታቸው ተሸክመው ይመጣሉ፤ ይህም እዝን ይባላል። እስከ ሣልስቱ ድረስ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይውል ሰው በተራ ያመሻል፣ ያድራልም። ለሰባትና ለአርባ ቤተሰቡ በአቅሙ ይደግሳል፤ ለተዝካር ሲባል በሬ ተሽጦ ቤት የሚፈታበት ጊዜ እንዳለ አልክድም፣ ይህ ግን ከቅሬው ሥርዓት የመነጨ ሳይሆን ከስም ፍለጋ የመጣ ነው፤ ቅሬው ራሱ ከባለጠጋው ቤትም ከድኻው ቤትም ያው ነው።

የቅሬው አስተዳዳሪ የቅሬ ዳኛ ይባላል። ሹመቱ ከመንግሥት አይደለም፤ እውነተኛነቱና ንግግር አዋቂነቱ የታወቀለትን ሰው ሕዝቡ ይመርጠዋል። ያለ በቂ ምክንያት ከቀብር የቀረውን ያስቀጣል፣ የወሰን ክርክርን ይሰማል፣ ባልና ሚስት ያስታርቃል። መቀጮው ቀላል ነው፤ ከባዱ ፍርድ ሌላ ነው። ደጋግሞ በቀረውና ይቅርታም አልጠይቅም ባለው ላይ ቅሬው ፊቱን ያዞርበታል፤ ከዚያ በኋላ እሳት የሚጫጭረው ጎረቤት የለም፣ ቡና አጣጪ የለም፣ ሲሞትም ጡሩምባ አይነፋለትም። በአማርኛችን ሽማግሌ ልጁን ሲመርቅ ቀባሪ አያሳጣህ ይላል፤ ምርቃቱ በሙላት የሚገባው ይህን ፍርድ ያወቀ ሰው ብቻ ይመስለኛል። ወታደርም ወኅኒ ቤትም በሌለበት አገር እንዲህ ያለው ቅጣት ሕግን አስከብሮ ኖሯል፤ ስንት አመፀኛም በዚህ ምክንያት ድንጋይ ተሸክሞ ከሽማግሌ እግር ሥር ወድቋል።

ከዚህ ጋር እውነቱን መሸፈን አይገባኝም። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው፣ ማረሻው፣ ድስቱና ጠፍሩ በእጃቸው ተሠርቶ ሳለ፣ በብዙ ስፍራ ቡዳ እየተባሉ ከማዕድና ከጋብቻ ሲለዩ፣ አንዳንዴም ከቀብር ቦታ ሲገፉ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ማስነገራቸው የታወቀ ነው፤ አዋጁ ግን ከአደባባይ ወደ ጎጥ ሳይወርድ ብዙ ዘመን አለፈ። ሰውን ሁሉ እኩል የሚያደርገው የቀብር ሥርዓት በዚህ በኩል ጎድሎ መገኘቱ ያሳዝነኛል።

ስለ ዳኝነት ከተነሣ አውጫጭኝ የሚባለው ሳይጠቀስ አይታለፍም። ሌባ ከብት ነድቶ ሲጠፋ ወይም ቤት ሲቃጠል፣ ባላገሩ በሙሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ይቀመጥና እያንዳንዱ እየማለ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፤ ወንጀለኛው ሳይወጣ ጉባኤው አይፈታም። ሰው ከእርሻው ተለይቶ ቀናትን በመቀመጥ ይጎዳ ስለነበረ ሥርዓቱ ቅሬታ አላጣውም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ መንግሥቱ ሲደራጅ በ1940ዎቹ መግቢያ ግድም የአጥቢያ ዳኛ ተሾመ፤ ይኸውም መደበኛው ፍርድ ቤት ወደ ገጠር ያወረደው እጁ ነው። ያው የአጥቢያ ዳኛም ቢሆን የቅሬውን ሽማግሌዎች ሳያስቀምጥ ፈርዶ የጸናለት ፍርድ ጥቂት ነበር።

የዚህ ሥርዓት ጽናት የተለካው በረኃብ ዘመን ነው። የመጀመሪያው መለኪያ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየውና ክፉ ቀን የተባለው ነው፤ የከብት በሽታ ገብቶ የኢትዮጵያን የቀንድ ከብት አብዛኛውን ጨረሰ፣ የሚያርስ በሬ ጠፋ፣ ዝናብም ተዛነፈ። ሁለተኛው በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ነው፤ ሦስተኛው የ1977ቱ ነው። የግዳን ደጋ በበልግ የሚተዳደር አገር ነው፤ በየካቲትና በመጋቢት የሚጥለው ዝናብ ከቀረ በሰኔ የሚታጨድ ገብስ የለም፣ ክረምቱም ውርጭና በረዶ ይበዛበታል። በ1977ቱ ረኃብ በልጉም ክረምቱም ከድቶ፣ ሰው የበሬውን ቀንበር ሳይቀር ሸጦ ወደ ቆቦና ወደ ኮረም የእህል ማደያ ሲወርድ፣ በዚያ ቁልቁለት ላይ የወደቀው ያለ ጡሩምባ ወደቀ። ቀባሪውም ተቀባሪውም አንድ ሆነው ደክመዋልና ለአንድ ሰው ጥልቅ ጉድጓድ የሚቆፍር ክንድ አልተገኘም፤ አባት ልጁን በነጠላ ጠቅልሎ ከመንገድ ዳር ትንሽ አፈር መልሶበት አለፈ። በአገሪቱ ወደ 600 ሺህ የሚሆን ሰው ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ከፋና ወደ ሌሎችም አገሮች ለሠፈራ ሲጓዝ፣ ከወሎ የሄደው እጅግ ብዙ ነበር፤ አንድ ጎጥ ለሁለት ተከፍሎ እኩሌታው በማይታወቅ ደን ውስጥ አዲስ ቅሬ ሲያቋቁም፣ የቀረው ደግሞ በጎደለው ሰው ልክ ሸክሙ ከበደበት። በዚያ ዘመን ያለፉ ሽማግሌዎች ስለ ረኃቡ ሲናገሩ ሆድ ስለ መጉደሉ ብዙ አይሉም። ቶሎ የሚያነሡት፣ ዓይናቸውም እንባ የሚያቀርርበት፣ በወጉ ሳይቀበር የቀረውን ወገናቸውን ነው።

ከላይ የሚመጣው አገልግሎትም ቀስ እያለ መጣ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ለሕዝብ ከታወጀ በኋላ የገበሬ ማኅበር ሲቋቋም፣ ስብሰባው የሚጠራው በዚያው በቅሬው ጡሩምባ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርም ፊደል ያልቆጠሩ አባቶችና እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ሰሌዳ ፊት ተቀመጡ፤ ከዚያ በፊት በዚህ አገር ንባብ በአብዛኛው የሚገኘው ዳዊት ከሚያስደግመው የኔታ ደጅ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ በየቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የመመደቡ ሥራ ሲጀመር፣ ወጣቶቹ ሴቶች ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ክትባትና ስለ ወሊድ ማስተማር ያዙ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሰሜን ወሎን ሲያዳርስ ብዙ የጤና ተቋም ተዘርፎ ባዶውን ቀረ፤ ሕዝቡም እንደ ጥንቱ በገዛ ጉልበቱ መተማመን ግድ ሆነበት።

በዚህ ሁሉ መካከል እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ የቃሬዛው ታሪክ ነው። ቃሬዛ ሁለት ረጃጅም አጣና በጠፍር ወይም በገመድ ተጠላልፎ የሚሠራ ሸክም ነው፤ ዱሮ ከጽድና ከወይራ፣ ባሕር ዛፍ ከተስፋፋ ወዲህ ከእርሱ ይሠራል። የቅሬው ንብረት ሆኖ ተቀምጦ በዋነኛነት የሚወጣው አስከሬን ለመሸከም ነበር። ሐኪም ቤት በሩቅ ከተማ ከተተከለ በኋላ ግን ያው ቃሬዛ፣ ያው ጡሩምባ፣ ያው ሸካሚ ሕያዋንን ማመላለስ ጀመረ። ይህን ማንም በአዋጅ አላዘዘም።

አንድ ጊዜ ከደጋው ወደ መኪና መንገድ ስወርድ ምጥ የጠናባትን ሴት ይዘው የሚመጡ ሰዎች ደረሱብኝ። አራቱ ተሸክመዋል፣ ሌሎች አሥር ያህል በግራና በቀኝ ይከተላሉ፤ ከአራቱ አንዱ ሲደክመው ተካኝ ይላል፣ ተተኪውም ቃሬዛው ሳይቆም፣ ሳይነቀነቅም ትከሻውን ከአጣናው ሥር ያስገባል። በቁልቁለቱ የፊተኞቹ አጣናውን በክንዳቸው ከፍ አድርገው፣ የኋለኞቹ ወገባቸውን ሰብረው ዝቅ ብለው፣ ሴትዮዋ ልክ እንደ ሜዳ ተኝታ እንድትሄድ ሚዛኑን ይጠብቁ ነበር። በባና ተሸፍናለች፤ አንዲት ባልቴት እጇን ይዘው ከጎኗ እየሮጡ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ማርያም ትቅረብሽ፣ ደረስን» ይላሉ። ከመንገዱ ደርሰው መኪና ላይ ካሳረፏት በኋላ ላባቸውን በኩታቸው ጠርገው፣ ባዶውን ቃሬዛ ሁለት ሰው አንሥቶ፣ ሌላው ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ያን ዳገት መልሰው ወጡ።

በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የእነዚያው ሸካሚዎች ቅሬ ጉባኤ በወይራው ጥላ ሥር ተቀመጠ፤ እንግዳ ብሆንም ከዳር ተቀምጬ እንድሰማ ፈቀዱልኝ። አንድ ጎልማሳ በዋዜማው ቀን በሌላ ጎጥ በነበረ ቀብር ባለመገኘቱ ተከሶ ቀረበ፤ እርሱም ወላዷን ተሸክሞ እንደነበረ ተናገረ። አንዱ ሽማግሌ ቀብር ከሁሉ ይቀድማልና መቀጮው ይጻፍ አሉ፤ ሌላው ደግሞ ሸክም ሸክም ነው፣ የሞተውን የተሸከመና ያልሞተውን የተሸከመ በአንድ ይቆጠር አሉ። ነገሩ ብዙ ተመላለሰ። በመጨረሻ የቅሬው ዳኛ ሴትዮዋ ደኅና መገላገልዋን ጠየቁ፤ ወንድ ልጅ መውለድዋ ተነገራቸው፣ ዕልልታ ሆነ። ከዚያም የቀረው እንደተገኘ ይቆጠር፣ ከዛሬ ጀምሮም ደንቡ ይኸው ይሁን ብለው ፈረዱ። አስከትለውም ቃሬዛው ከወዲያ ማዶ እንዲመጣ አዘዙና በቁልቁለቱ የላላውን ጠፍር እየዳሰሱ፣ ለማክሰኞ አዲስ ጠፍር የሚያመጣ ማን እንደሆነ ጠየቁ።